ለቆመች መኪና የባትሪ ቻርጀር አመራረጥ፦ ከዋጋው በፊት ማደሪያዋን እዩ

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው አሜሪካ ነው፤ መኪናው የምትኖረው እኛ ግቢ። አዲስ አበባ ሲመጣ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ይነዳታል፤ የቀረውን ዓመት ቪትዟ ከቆርቆሮው መጠለያ ሥር ሸራ ለብሳ ትቆማለች። ሲሄድ የሰጠኝ አደራ አጭር ነበር፦ «በየቅዳሜው አሥር ደቂቃ አስነሳልኝ።» አስነሳሁ። ሞተሩ እየሠራ ሬዲዮ እሰማለሁ፤ አሥሩ ደቂቃ ሲሞላ ሞተሩን አጥፍቼ ኳሱ እስኪያልቅ ሬዲዮውን እሰማለሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ ቅዳሜ ቁልፉን ሳዞር ከኮፈኑ ሥር «ጠቅ» የሚል ድምፅ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ጸጥታ። አውቶማቲክ ስለሆነች ገፍቶ ማስነሳት የሚባል ነገር የለም። የጎረቤት መኪና አስጠግተን በኬብል አስነሳናት፤ በማግስቱ ያው ሆነች። ባትሪው ሄደ።

በቀጣዩ ጉዞው ወንድሜ ከሻንጣው አዲስ ቻርጀር አወጣ፤ ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። የጀርባውን ጽሑፍ ከሁለታችንም ያነበበው የለም። በአዳፕተር ሰካነው። መብራቱ አንዴ ቦግ አለ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን፣ አለቀ። በኋላ ገልብጬ ሳየው «ግብዓት 120 ቮልት» ይላል። የእኛ ሶኬት 220 ነው።

ይህን ለመጻፍ የበቃሁት አንድ ባትሪና አንድ ቻርጀር ቀብሬ ነው። ሱቅ ስትገቡ ሻጩ የሚጀምረው ከአምፒሩ ነው፦ «ባለ 10 ይሻልሃል፣ ባለ 20ም አለ።» እኔ የምጀምረው መኪናዋ ከምታድርበት ቦታ ነው። አጠገቧ ሶኬት ከሌለ ባለ 10ም ሆነ ባለ 20 ቻርጀር ዕቃ ቤት የሚያሞቅ ሳጥን ነው።

አሥር ደቂቃው ለምን አልበቃም?

የቆመች መኪና እንቅልፍ የላትም። ሰዓቷ፣ አላርሟ፣ የሞተሩ ኮምፒውተር፣ የሪሞት ቁልፉን ምልክት የሚጠብቀው መቀበያ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይጠባሉ። በጤነኛ መኪና ድምሩ ከ20 እስከ 50 ሚሊ አምፒር (የአምፒር አንድ ሺኛ) ቢሆን የተለመደ ነው። 40 ብለን እንያዘው፤ በ24 ሰዓት ወደ 1 አምፒር-ሰዓት (1 አምፒር ለአንድ ሰዓት ሲፈስ የሚወጣው መጠን) ይመጣል። ሱቅ ውስጥ «ባለ 45 አምፒር» የሚባለው (45 አምፒር-ሰዓት ይይዛል ማለት ነው) የትንንሽ መኪኖች ባትሪ በዚህ ፍጥነት በሦስት ሳምንት ግማሹን ይጨርሳል። በኋላ የተገጠመ አላርም ወይም ጂፒኤስ ኖሮ ፍጆታው 100 ሚሊ አምፒር ከደረሰ ደግሞ ግማሹ በአሥር ቀን አይቆይም።

ባትሪው ከመኪናዋ ተነቅሎ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥም በራሱ ይወርዳል፤ በወር ከ3 እስከ 5 በመቶ ገደማ፣ በሙቀት ደግሞ ከዚያ በላይ። የአዲስ አበባ ብርድ እዚህ ላይ ባለውለታ ነው። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ የቆመ መኪና ያለው ሰው ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን ጊዜዎች ሁሉ አሳጥሮ ያንብባቸው።

አሁን የእኔን ቅዳሜ እናስላ። በሳምንት ወደ 7 አምፒር-ሰዓት ወጥቷል። ሞተሩ በቆመበት ሲዞር ዲናሞው ለባትሪው 10 አምፒር ቢሰጥ እንኳ በአሥር ደቂቃ የሚገባው 1.7 አምፒር-ሰዓት ነው። ማስነሻው ራሱ የሚወስደው ጥቂት ነው፤ ሞተሪኖው ከመቶ አምፒር በላይ ቢስብም ለሁለትና ሦስት ሴኮንድ ብቻ ነው። ባትሪውን የገደለው የሳምንቱ ጉድለት እየተደራረበ መሄዱ ነው፤ ሬዲዮው ደግሞ ጨመረበት። መኪናዋን በሳምንት አንዴ 40 ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት መንገድ ላይ ብነዳት ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። ግን በነዳጅ ሰልፍ ዘመን ባትሪ ለመሙላት ቀለበት መንገድ የሚዞር ማነው?

ሲወርድ የሚጎዳው ለምን እንደሆነ ማወቅ ለምርጫው ይጠቅማል። ባትሪ ውስጥ ያሉት የእርሳስ ፕሌቶች ኃይል ሲሰጡ የሰልፌት ሽፋን ይይዛሉ። ቶሎ ከተሞላ ሽፋኑ ተመልሶ ይሟሟል፤ ለሳምንታት ከቆየ ግን ጠጥሮ ይቀራል። የጠጠረው የፕሌት ክፍል ከእንግዲህ አይሠራም። ስለዚህ የቆመች መኪና ቻርጀር ዋና ሥራው ባዶ ባትሪ መሙላት ሳይሆን ባትሪው ከነጭራሹ እንዳይጎድል መጠበቅ ነው። አብዛኛው ገዢ የሚሳሳተው ይህን ሳይለይ ነው።

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት፦ ቴስተር

ከቻርጀሩ በፊት ርካሽ ቴስተር (ቮልትና አምፒር መለኪያ) ግዙ። መኪናዋ ቢያንስ አንድ ሌሊት ከቆመች በኋላ የባትሪውን ሁለት ራሶች ለኩ። 12.7 ቮልት አካባቢ ካነበበ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ያህል ኃይል አለው ማለት ነው፤ ከ11.8 በታች ባዶ በሉት። ከ12.4 በታች ማሳደር ልማድ ከሆነ ሰልፌቱ ሥራውን ጀምሯል።

ሁለተኛው ልኬት የድብቅ ፍጆታው ነው፤ ይህን የመኪና ኤሌክትሪሺያን ቢሠራላችሁ ይሻላል። ኔጌቲቩን ፈትቶ ቴስተሩን በመሀል ያስገባል፤ በሮቹ ተዘግተው ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቃል፤ ከዚያ ያነባል። ውጤቱ ከ50 ሚሊ አምፒር በጣም ከበለጠ ችግሩ ሌላ ነው፤ የሻንጣ መብራት አልጠፋ ይሆናል፣ ወይም ሬዲዮ የገጠመው ሰው መስመሩን ያለ ቦታው ቀጥሎታል። ያ ሳይስተካከል የሚገዛ ቻርጀር የሚያፈስ በርሜል እንደሚሞላ ቧንቧ ነው።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን የመዘንኩባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፤ ለእኛ አገር ይበልጥ በሚያስፈልገው ጀምሬያለሁ።

*መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን ያደርጋል?* የውጭ አገር መመሪያዎች ይህን እምብዛም አያነሱትም። አንዳንድ ቻርጀር መብራት ሲመለስ አዝራሩን የሚጫን ሰው ይጠብቃል። ማክሰኞ ሌሊት መብራት ሄዶ ረቡዕ ጠዋት ቢመጣ ቻርጀሩ እንደተሰካ፣ መብራቱም እየበራ፣ ነገር ግን ምንም ሳይሠራ ለወር ሊቆይ ይችላል። ሱቁ ውስጥ ሞክሩት፦ ባትሪ ላይ አያይዙት፣ መሙላት ሲጀምር ከሶኬት ንቀሉት፣ መልሳችሁ ሰኩት። ያለ አዝራር ከቀጠለ አልፏል።

ያንኑ ሙከራ ስታደርጉ ሌላም ነገር እዩ። ከሶኬት ተነቅሎ ከባትሪው ጋር ብቻ ሲቀር ስክሪኑ ቁልጭ ብሎ ከበራ፣ ቻርጀሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ከባትሪው እየጠጣ ነው ማለት ነው። ጥሩዎቹ በዚህ ሁኔታ የሚወስዱት ከቁጥር የማይገባ ነው።

*ሞልቶ ሲያበቃ ያውቃል ወይ?* ተራ የአሲድ ባትሪ ሲሞላ እስከ 14.4 ቮልት ገደማ ይወጣል። ከሞላ በኋላ ግን ወደ 13.5 አካባቢ ወርዶ መጠበቅ አለበት። በ14.4 ላይ ለቀናት ከተተወ ውሃው ወደ ጋዝ ይለወጣል፣ ፕሌቶቹም ይጋለጣሉ።

*ለየትኛው የባትሪ ዓይነት?* ክዳኑ ተከፍቶ ውሃ የሚጨመርበት፣ የታሸገው ጥገና አልባ፣ ኤጂኤም (አሲዱን ንጣፍ መጥጦ የያዘበት)፣ ጄል (አሲዱ የረጋበት) እና ሊቲየም የሚፈልጉት ቮልቴጅ አንድ አይደለም። ኤጂኤም ከተራው ትንሽ ከፍ ያለ ይቀበላል፤ ጄል ግን ዝቅ ያለ ይፈልጋል። ባትሪው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

*የግብዓት ቮልቴጅና ሶኬት።* ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ 120 ቮልት ብቻ ከሆነ ለእኛ አይሆንም፤ «100–240» ወይም «220–240» የሚል ይሁን። ከአውሮፓና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣው በቮልቴጅ ይስማማል፤ ከዱባይ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስላለው አዳፕተር ይጠይቃል። ለወራት በላላ አዳፕተር ላይ የሚንጠለጠል ነገር ይግላል፤ ሶኬቱን ማስቀየር ይሻላል።

*አምፒር።* መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። ለመጠበቅ 1 አምፒር ይበቃል። የወረደን ለመሙላት የተለመደው ስሌት የባትሪውን አምፒር አንድ አሥረኛ መውሰድ ነው፤ ለባለ 45 ባትሪ ከ4 እስከ 5፣ ለባለ 70 ደግሞ 7 ገደማ። ግማሹ የጎደለ ባለ 45 ባትሪ በ4 አምፒር አንድ ሌሊት ይፈጅበታል። በ20 አምፒር ብትሞሉት ደግሞ የምታተርፉት ሰዓት ትንሽ ነው፤ የመጨረሻውን ክፍል ባትሪው በራሱ ዝግታ ነው የሚቀበለው።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*የጋራዥ ትራንስፎርመር ቻርጀር።* ከባዱ የብረት ሳጥን፣ በመርፌ የሚያሳየው፣ ሲሠራ «እምምም» የሚለው። ባትሪ ቤቶች የሚጠቀሙት ይህን ነው፤ ለእነሱ ሥራ ጥሩ ነው። ጠንካራ ነው፣ ይጠገናል፣ ሙሉ በሙሉ ባዶ የሆነ ባትሪ ላይም ሳያመነታ ኃይል ይለቃል። ጉዱ ራሱን የማያጠፋ መሆኑ ነው። የመስመሩ ቮልቴጅ ከፍ ሲል የሚሰጠውም አብሮ ከፍ ይላል። ማታ ሰክታችሁ ጠዋት ብትነቅሉት ምንም አይደለም፤ ሰክታችሁ ክፍለ አገር ብትሄዱ ግን የምትመለሱት ወደ ደረቀ ባትሪ ነው። ለቆመች መኪና አልመክረውም። ቤት ውስጥ ካላችሁ አትጣሉት፤ በወር አንዴ ሰዓት ቆጥሮ፣ ቴስተር ይዞ አጠገቡ ለሚቆም ሰው ይሠራል።

*ስማርት ቻርጀር፣ ከ4 እስከ 8 አምፒር።* እኔ በመጨረሻ የገዛሁት ይህን ነው። ሥራውን በደረጃ ይከፍላል፦ መጀመሪያ በሙሉ አምፒሩ ይገፋል፣ 14.4 አካባቢ ሲደርስ ቮልቱን ይዞ አምፒሩን ይቀንሳል፣ ሲሞላ ወደ ጥበቃ ይወርዳል። በደንብ የተሠራው ለወራት ቢሰካም ባትሪ አያፈላም። መቆንጠጫው ተገልብጦ ቢያያዝ አይሰጥም፣ እሳትም አይረጭም።

ሁለት ነገር ግን ሻጭ አይነግራችሁም። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ፈጽሞ የወረደ ባትሪ አያውቁም። ቮልቱ ከተወሰነ ልክ በታች ከሆነ «ባትሪ አልተያያዘም» ብለው ይቆማሉ። ሰው ቻርጀሩ ተበላሽቷል ብሎ ሱቅ ይመልሰዋል። መፍትሔው ባትሪውን መጀመሪያ በጋራዥ ቻርጀር ትንሽ ማንሳት ወይም በግዳጅ የሚጀምር አዝራር ያለው ቻርጀር መምረጥ ነው። ሁለተኛ፣ «ጥገና» ወይም «ማደስ» የሚለው አዝራር ተአምር አይሠራም። በቅርቡ የወረደን ባትሪ በጥቂቱ ሊያነቃ ይችላል፤ ለአንድ ዓመት ባዶ የቆየውን ግን አያስነሳም። አዝራሩ ቮልቱን ከፍ ስለሚያደርግ ባትሪው ከመኪናዋ ጋር ተያይዞ ሳለ አትጫኑት።

መቆንጠጫ ብቻ ሳይሆን በብሎን የሚታሰር የቀለበት ገመድ ያለውን ምረጡ። ቀለበቶቹ ከባትሪው ራስ ጋር አንዴ ይታሰራሉ፤ ጫፉ ከኮፈኑ ሥር ትንሽ ብቅ ብሎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ቻርጅ ማድረግ ስልክ እንደመሰካት ነው። ይህ የሚጠቅመው ሥራውን የሚሠራው ሌላ ሰው ሲሆን ነው። እናቴ ቀይና ጥቁር መቆንጠጫ አትነካም፤ «እሳት ቢረጭብኝስ» ትላለች፣ እውነቷን ነው። ያችን ጫፍ ግን ራሷ ትሰካለች።

*ባለ 1 አምፒር ጠባቂ።* የስማርቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ መጠኑም ከላፕቶፕ ቻርጀር አይበልጥም። ሙሉ ባትሪን ሙሉ አድርጎ ለማቆየት ከታላቁ አያንስም፣ በዋጋም ይረክሳል። ግማሹን የጨረሰ ባትሪ ለመሙላት ግን ከአንድ ቀን በላይ ይወስድበታል፤ በመሀል መብራት ሲሄድ ደግሞ ይባስ። አዲስ ወይም ጤነኛ ባትሪ ላላት፣ ከቆመችበት ለማትነሳ መኪና ትክክለኛ ምርጫ ነው። ብዙ ሰው «አነሰ» ብሎ ያልፈዋል፤ ያለ ምክንያት ነው።

*የሶላር ጠባቂ።* ሶኬት ለሌለው። ከ5 እስከ 20 ዋት ያለው ትንሽ ፓነል ዳሽቦርድ ላይ ወይም ጣሪያ ላይ ይቀመጣል። ባለ 10 ዋቱ ከመስታወት ጀርባ ተጋድሞ ከአቅሙ ግማሹን ቢሰጥና በቀን አራት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ 1.5 አምፒር-ሰዓት ገደማ ያስገባል። የጤነኛ መኪና የቀን ፍጆታ 1 ስለሆነ በበጋ ይበቃል ማለት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ሒሳቡ ይቀየራል፤ ያኔ እንደ ረዳት እንጂ እንደ ዋና አትቁጠሩት። ከ5 ዋት በላይ ከሆነ ቮልቱን የሚገድብ ተቆጣጣሪ ይኑረው፤ «12 ቮልት» የሚባል ፓነል ጠራራ ፀሐይ ላይ ያለ ጭነት ከ18 ቮልት በላይ ይወጣል።

የሚያታልለው የሲጋራ ማቀጣጠያው መሰኪያ ነው። በብዙ መኪኖች ቁልፉ ሲወጣ እሱም ይጠፋል፤ ስለዚህ ፓነሉ ፀሐይ እየሞቀ ወደ ባትሪው ምንም አይደርስም። መሰኪያው ላይ ቁልፉን ነቅላችሁ ስልክ ሞክሩ። ስልኩ ካልሞላ ገመዱን በቀጥታ ባትሪው ላይ ማሰር ነው። ሸራ ለምታለብሱ ወይም እንደኛ ከቆርቆሮ ሥር ለምታቆሙ ደግሞ ነገሩ ያው ግልጽ ነው።

*የሊቲየም ማስነሻ፣ በተለምዶ ጃምፕ ስታርተር።* ስሙ ከቻርጀሮች ተርታ ይጠራል እንጂ ቻርጀር አይደለም። የወረደ ባትሪ ያላትን መኪና በደቂቃ ያስነሳል፤ ባትሪውን ግን አይሞላም፣ ሰልፌቱንም አይከላከልም። እንደ ጃንጥላ ቁጠሩት፤ ዝናብ አያስቆምም፣ ግን ሲዘንብ ትፈልጉታላችሁ። ራሱም በየሦስት ወሩ መሞላት ይፈልጋል፤ የተረሳ ማስነሻ የሚረዳው የለም። ከውጭ የሚመጣላችሁ ከሆነ ለመንገደኛው ንገሩት፦ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፤ ከ100 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነውም የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል።

*አለመግዛት፦ ባለ 10 ቁጥር ቁልፍ።* ብዙዎቹን የጃፓን መኪኖች የኔጌቲቭ ራስ የሚፈታው ይህ ቁልፍ ነው። ኔጌቲቩን ፈትታችሁ ጎን ብታደርጉት የመኪናዋ ፍጆታ ዜሮ ይሆናል፤ የሚቀረው ባትሪው በራሱ የሚወርደው ብቻ ነው። ሞልቶ የተፈታ ጤነኛ ባትሪ በአዲስ አበባ አየር ሁለትና ሦስት ወር በደህና ይቆያል። መፈታታቱ ከሰለቻችሁ ራሱ ላይ የሚገጠም የባትሪ ማጥፊያ አለ፤ በእጅ አዙሮ መቁረጥ ነው። ዋጋው ሰዓቱና የሬዲዮው ጣቢያዎች መጥፋታቸው፣ አንዳንዴም ሬዲዮው ኮድ መጠየቁ ነው፤ ሞተሩም ለጥቂት ደቂቃ ዝቅና ከፍ እያለ ሊሠራ ይችላል። አላርሙም አይጮኽም። ግቢው ጥበቃ ያለው ካልሆነ ይህን አስቡበት።

*ባትሪ ቤት መላክ።* በየሁለት ወሩ ነቅሎ ወስዶ ማስሞላት ይቻላል። ኃይል አላችሁ? ባትሪው ከ10 ኪሎ በላይ ነው። እዚያ ስትሄዱ ከአጠገቡ አትራቁ፤ ውሃው ሲጎድል መጨመር ያለበት የባትሪ ውሃ ነው፣ አሲድ አይደለም። አሲድ የሚጨምርላችሁ ሰው ለሳምንት ያስደስታችሁና ፕሌቱን ይበላዋል።

በአንድ ዓይን

ብሩ በገበያ መመራት ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዛሬ የምጽፈው ዋጋ ለወሩ ስለማይተርፍ እርስ በርስ ብቻ አወዳድሬያቸዋለሁ።

| አማራጭ | ሶኬት ይፈልጋል? | ለወራት ተትቶ ይቆያል? | የወረደ ባትሪ ይሞላል? | ወጪ | ዋና ጉድለት |
|---|---|---|---|---|---|
| የጋራዥ ትራንስፎርመር | አዎ | አይቆይም | አዎ፣ ባዶውንም | መካከለኛ | ራሱን አያጠፋም |
| ስማርት፣ 4–8 አምፒር | አዎ | አዎ | አዎ፣ ፈጽሞ ባዶ ካልሆነ | ከፍ ያለ | አንዳንዱ ከመብራት መጥፋት በኋላ አይቀጥልም |
| ጠባቂ፣ 1 አምፒር | አዎ | አዎ | በጣም በዝግታ | ዝቅ ያለ | ለመሙላት ደካማ |
| ሶላር፣ 10 ዋት ገደማ | አይፈልግም | አዎ፣ በበጋ | አይሞላም | ዝቅ ያለ እስከ መካከለኛ | ክረምትና ጥላ |
| ጃምፕ ስታርተር | ራሱን ለመሙላት ብቻ | — | አይሞላም፣ ያስነሳል | ከፍ ያለ | ጉዳቱን አይከላከልም |
| ኔጌቲቩን መፍታት ወይም ማጥፊያ | አይፈልግም | እስከ 3 ወር | አይሞላም | ከሁሉ ዝቅተኛ | አላርም ይጠፋል፣ ሬዲዮ ኮድ ሊጠይቅ ይችላል |

ለማን የቱ?

ግቢ ውስጥ፣ ከሶኬት አጠገብ የቆመች መኪና ካላችሁና የሚከታተላት ሰው ካለ ባለ 4 ወይም ባለ 5 አምፒር ስማርት ቻርጀር ከቀለበት ገመዱ ጋር ግዙ። ለፍሪጁ የምትጠቀሙበትን ዓይነት ስታብላይዘር በመሀል አስገቡ፤ ቻርጀሩን የሚገድለው መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው። ባትሪው አዲስ ከሆነና በጀቱ ካነሰ ባለ 1 አምፒሩ ያንኑ ይሠራል። ፒካፕ ወይም ባለ 70 አምፒር ባትሪ ያላት የናፍጣ መኪና ከሆነች ወደ 7 ወይም 8 ውጡ። ሁለት ባትሪ ተቀጣጥለው ባለ 24 ቮልት የሆኑም ስላሉ ኮፈኑን ከፍታችሁ ባትሪዎቹን ሳትቆጥሩ አትግዙ።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር፣ መኪናውን ታች ለሚያቆም ሰው ከበረንዳ ኤክስቴንሽን መዘርጋት መፍትሔ አይደለም፤ ዝናብ አለ፣ ሕፃናት አሉ፣ ኮሚቴውም አለ። መኪናዋ ፀሐይ የምታገኝ ከሆነ ሶላር፣ ካላገኘች የባትሪ ማጥፊያ። በሳምንት አንዴ አንድ ሰዓት ቢነዳት ሁለቱም ላያስፈልጉት ይችላሉ። ጃምፕ ስታርተሩ ለዚህ ሰው የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

ውጭ ኖራችሁ መኪናችሁን ለቤተሰብ የምትተዉ፣ እባካችሁ «አሥር ደቂቃ አስነሱልኝ» የሚለውን አደራ ተዉት። ከስድስት ወር በላይ የምትቀሩ ከሆነ ባትሪውን አስሞልታችሁ አስፈቱት፤ በየሁለት ወሩ አንድ ሌሊት እንዲሞላ ቻርጀሩን ተዉ። ከምትኖሩበት ስትገዙ የግብዓት ቮልቴጁን አንብቡ። ሁለት ጊዜ።

ኤሌክትሪክ መኪና የገዙም ከዚህ ጉዳይ ነጻ አይደሉም። በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ በየግቢው የቆሙት እየበዙ ነው፤ እነሱም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። ኮምፒውተሩን የሚያነቃው፣ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሞልቶ መኪናዋ አትነሳም፤ አንዳንዷ የቻርጅ ገመድ እንኳ አትቀበልም። ቆሞ ሳለ ትንሹን ከትልቁ የሚሞላው ሁሉም ሞዴል አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት የባትሪውን ዓይነት እዩ፤ አንዳንዶቹ ላይ ትንሹ ባትሪ ራሱ ሊቲየም ነው። ለአሲድ ባትሪ የተሠራ ቻርጀር፣ በተለይ «ማደስ» የሚል አዝራር ያለው፣ እሱ ላይ አይሰካም፤ ቻርጀሩ ላይ የሊቲየም ምርጫ መኖር አለበት። በሩን በእጅ የሚከፍተው የብረት ቁልፍ ሪሞቱ ውስጥ የት እንደተሸሸገም ባትሪው ሳይሞት ፈልጉት።

የመጨረሻው ነገር አያያዙ ነው። ቻርጀሩ ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ ቀዩን ከፖዘቲቩ፣ ከዚያ ጥቁሩን ከባትሪው ራቅ ካለ ቀለም ያልነካው የሞተር ወይም የሻሲ ብረት ጋር፤ ሶኬቱ መጨረሻ። ሲፈታ በተቃራኒው፣ ሶኬቱ መጀመሪያ። ሲሞላ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ የሚቀጣጠል ስለሆነ በራፉ የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይሁን፤ ሲጋራውም ውጭ ይቅር። የጃፓን ሃይብሪድ ከሆነች ባትሪው ብዙ ጊዜ ኋላ፣ ከሻንጣው ጎን ነው። ኮፈን ሥር የሚገኘው ቀይ ክዳን ያለው ነጥብ ባትሪው በሞተ ጊዜ በኬብል ለማስነሳት የተሠራ ነው፤ ለሁልጊዜ ጥበቃ ቀለበቶቹን ኋላ፣ ከራሱ ከባትሪው ላይ አሳስሩ።